ወደ ቁንዱዶ ለመሄድ ማሰባችን

በናሚቢያ በረሃ፥ ጋሩብ በሚባለው ስፍራ፥ ከሰው እጅ የወጡ ፈረሶች ሰው ባዘጋጀላቸው ውኃ እንደሚኖሩ ሰምተን ለማየት ተመኘን። መንገዱ ግን የማይሞከር ነው። በአገራችንም በሐረርጌ፥ በቁንዱዶ ተራራ ላይ፥ እንደዚሁ ያሉ ጥቂት ፈረሶች በ2000 ዓ.ም. ተገኝተዋል። ስለዚህ በመጪው በጋ ከነቀምቴ፥ ከቡርቃ ጃቶ ተነሥተን ልጃችንን ወደዚያ ልንወስድ ቈረጥን፤ ልጓም ያልገባለት ፈረስ አይቶ አያውቅምና።

ባለቤታችን ግን፥ «ገንዘቡ ለቤቱ ክዳን የተቀመጠ ነው፤ ይልቅስ ፈረስ በሌለበት ቤት ኮርቻ ምን ያደርጋል?» አሉን። ኮርቻው የአባታችን ነበረ። ሌሊቱን እንቅልፍ አጣን። አባታችን በሕይወት ቢኖሩ ለልጅ ልጃቸው ከኮርቻው ይልቅ ፈረሱን ባሳዩት ነበር ብለን፥ በማለዳ ገዥ አስጠራን።