ሀሁን የወጣ ሁሉ አያነብም
(ከተሞክሮዬ)

ተፍኪ አካባቢ በልዩ ፍላጎት ክፍል ማስተማር ስጀምር፣ ማንበብ ያቃታቸው የ14 እና የ15 ዓመት ልጆች ችግራቸው አንድ ይመስለኝ ነበር፤ መፍትሔውም አንድ፦ ከ«ሀ» እንደገና መጀመር። እንዲህ የሚያስብ መምህር ካለ፣ እኔን ያስተማሩኝን ነገሮች ልንገረው።

1. ሽምደዳ ንባብ ይመስላል። አምስተኛ ክፍል የደረሰ አንድ ልጅ ምንባቡን ሳይደናቀፍ ይወጣዋል፤ እኔም «ጎበዝ!» እለዋለሁ። አንድ ቀን አጠገቡ ስቀመጥ ጣቱ ገና ሦስተኛው መስመር ላይ ነው፣ አፉ ግን አምስተኛውን ጨርሷል። ለካ ጓደኞቹ ሲያነቡ እየሰማ በቃሉ ይዞታል። ከ«መ» እስከ «ሞ» በል ስለው አንድ ትንፋሽ አይፈጅበትም። «ሜ»ን ካርቶን ላይ ለብቻዋ ጽፌ ሳሳየው ግን ከንፈሩ በዝግታ ይንቀሳቀሳል፤ ከ«መ» ተነሥቶ በሆዱ እየቆጠረ ነው የሚደርስባት። እንዲህ እየቆጠረ ቃሉ መጨረሻ ሲደርስ የመጀመሪያው ፊደል ጠፍቶበታል።

የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ከእኛ በፊት ያወቁት ይመስለኛል። ሀሁን የጨረሰ ተማሪ አቡጊዳ ይገባል፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ ገበታውን በሰያፍ ሲወርድ የለመደው ዜማ አያድነውም፣ ፊደሉን ማየት ግድ ይሆንበታል። እኔ ደግሞ አቡጊዳን ጊዜው ያለፈበት አድርጌ ትቼው ነበር።

2. ፊደል ይፈታታል። ይህን ያገኘሁት ካላሰብኩት ቦታ ነው። ጎረቤታችን ሰበታ የቆየ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ። በአማርኛ ብሬል «ሙ» አንድ ምልክት አይደለም፤ መጀመሪያ ተነባቢው፣ ቀጥሎ አናባቢው ይጻፋል። ታዲያ ማየት ለሚችሉት ልጆችስ ለምን አላሳያቸውም አልኩ። ሉን፣ ሙን፣ ሱን፣ ቡን ደርድሬ ጎናቸው ላይ ያለችውን ጭረት በቀይ አቀለምኳት። «ሩ» እና «ፉ» ደንቡን ያፈርሳሉ፤ እነሱን ለብቻ ማስጠናት ነው።

3. በቁቤ ማንበቡን መጠየቅ ይቀድማል። አብዛኞቹ ተማሪዎቻችን አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው፣ ከፊደል በፊትም የሚያውቁት ቁቤን ነው። አማርኛ አታነብም ተብላ ወደ እኔ የተላከች ልጅ ነበረች። ብዙ ከደከምኩ በኋላ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የኦሮምኛ ማስታወቂያ ለጓደኞቿ ስታነብላቸው ደረስኩ። የንባብ ችግር የለባትም፤ ፊደልን በቅጡ ያስተማራት ሰው ነው ያጣችው። በሁለቱም የማያነብ ልጅ ጉዳይ ሌላ ነው። እዚያ ላይ ዓይኑንና ጆሮውን ሳያስመረምሩ ማስተማር ከንቱ ድካም ነው፤ ጆሮው ለዓመታት ሲመግል የኖረ ልጅ «ሰ»ን ከ«ሸ» እንዴት ይለይ?

4. ጎረምሳ የሕፃን መጽሐፍ ያሳፍረዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ታክሲ ላይ ረዳት ሆኖ «ሰበታ! ዓለም ገና!» እያለ ሒሳብ የሚቀበል ልጅ፣ የዶሮ ሥዕል ያለበትን የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ዴስክ ሥር ቢደብቀው አይገርምም። የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ ከቴሌብር የሚገባ መልእክት ሳቀርብለት ቀና አለ። ከሁሉም የሠራው ግን ያንኑ የዶሮ መጽሐፍ ለአንደኛ ክፍል ልጆች እንዲያነብላቸው መላክ ነው። እነሱ ፊት ላለመደናቀፍ ሲል ማታ ማታ ይለማመዳል።

5. የማይሠራበትም አለ። ካዕብና ሣልስ እስከ ዛሬ የሚምታቱባት ተማሪ አለችኝ። አቡጊዳውንም፣ ቀይ ቀለሙንም ሞክረናል። ሰሞኑን ፊደሉን አሸዋ ላይ በጣቷ እየጻፈች ድምፁን ጮክ ብላ እንድትለው እያደረግሁ ነው፤ «ቡ» እና «ቢ» ላይ ትንሽ ለውጥ አይቻለሁ፣ የቀሩት ላይ ገና ነን።