የሚስቱ ፊርማስ?

ስለ ትዳርና ስለ ገንዘብ በየጉባኤው ብዙ ተምረናል። ስለ መኪና ግዢ ግን በእኛ መድረክ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ከባለቤቴ ጋር በምክር አገልግሎት በቆየሁባቸው ዓመታት ግን አንድ ነገር ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ሰላም የነበረው ቤት ከግለሰብ በችኮላ በተገዛ ንብረት ምክንያት ሲታመስ። ስለዚህ ዛሬ የእኛን ቤት ታሪክ ላጫውታችሁ፤ ለመግዛት ለምታስቡም፣ ለመሸጥ ለምታስቡም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ጊዜው ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ነው። ለስምንት ዓመት ያጠራቀምነው ገንዘብና የባለቤቴ ወንድም ከውጭ አገር የላከልን ስጦታ ተደምሮ፣ ያገለገለ መኪና ሊገዛልን ደረሰ። መኪናው ለእኛ ቅንጦት አልነበረም። ባለቤቴ በወር ሁለት ጊዜ ወደ አምባ ጊዮርጊስና ወደ ዳባት ለአገልግሎት ይወጣል። ክረምት ሲገባ ከዋናው መንገድ ወርዶ ጭቃውን በእግሩ ይገፋዋል። አብራን የምትኖረው እናቴ ደግሞ ታማሚ ናት፤ ሌሊት ሲብስባት ከሰፈራችን እስከ ሆስፒታል የሚያደርሰን ባጃጅ ፍለጋ በር ላይ ቆመን የምንጸልይበት ጊዜ ብዙ ነበር። ያ ገንዘብ ደግሞ አንዴ ከወጣ ዳግመኛ የሚገኝ አልነበረም።

በዚህ መካከል አንድ የምናውቀው ሰው፣ በአዘዞ በኩል መኪናውን የሚሸጥ ግለሰብ አለ ብሎ ነገረን። ሄድን። ግቢው ውስጥ የቆመው ሁለት በር ያለው፣ ቀይ፣ ዝቅ ያለ የስፖርት መኪና ነበር፤ ቶዮታ ሴሊካ።

ልብ ሲሸፍት

ባለቤቴ ዝም ብሎ መኪናውን ዞረው። ጎረምሳ ሳለ የመኪና ሥዕል ከመጽሔት እየቆረጠ የደብተሩን ሽፋን ይለብጥበት እንደ ነበር አጫውቶኛል። በሃያ ዓመት አገልግሎት ለራሱ ይህን እፈልጋለሁ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ስለዚህ አልሳቅሁበትም። እኅቶች ሆይ፣ የባላችንን ምኞት በሰው ፊት ማሳነስ ቁስል ይተዋል። ወንድሞችም እንዲሁ ለሚስቶቻችሁ።

ማታ ልጆቹ ሲተኙ ሦስት ጥያቄ አነሣሁለት፤ ማን ይቀመጥበታል? የት ይሄዳል? ሲበላሽ ማን ይሠራዋል?

የመጀመሪያውን ራሱ መለሰው። መቀመጫው አራት ነው፣ ያውም የኋላው ጠባብ። እኛ ከእናቴ ጋር ስድስት ነን። ሁለተኛው ደግሞ የመንገዳችን ጉዳይ ነው። ሴሊካ ለለስላሳ አስፋልት የተሠራ ዝቅተኛ መኪና ስለ ሆነ፣ ከዳባት ወደ ገጠር በሚያስገባው ድንጋያማ መንገድ ሆዱ መሬት ይልሳል። ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ቶዮታ ይህን መኪና ማምረት የጀመረው በ1970፣ ያቆመው ደግሞ በ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የኮሮላ ወይም የቪትዝ ዕቃ ጎንደር ውስጥ ይገኛል፤ የሴሊካ መብራት ቢሰበር ግን ከአዲስ አበባም መገኘቱ ያጠራጥራል።

«ዋጋው ግን ይማርካል» አለኝ። እውነቱን ነው። ሻጩ ከገበያው 60 ሺህ ብር ቀንሶ ነበር የጠራልን።

መካኒኩ ያሳየን

በቤታችን አንድ ሥርዓት አለ። ከአንድ ወር ደመወዝ በላይ የሚወጣበት ነገር ሁለታችንም «እሺ» ካላልን አይገዛም፤ ሁለታችንም በሚገባ ሳናይ ደግሞ «እምቢ» አይባልም። ስለዚህ ከጉባኤያችን አንድ መካኒክ ወንድም ይዘን ተመለስን።

ወንድም ገና ሲደርስ እጁን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ። «ሞቋል፤ ነገ ማለዳ ሳይነሣ እንምጣ» አለ። ሞተር ሲሞቅ ብዙ ሕመሙን ይደብቃል። በማግሥቱ ቀዝቅዞ ሳለ አስነሥቶ ጢሱን ተመለከተ። ሰማያዊ ጢስ ሞተሩ ዘይት ይበላል ማለት ነው። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ ይበዛበታል። ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ ደግሞ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ውሃ እየገባ ሊሆን ይችላል። ከዚያም ትንሽ ማግኔት አውጥቶ ቦዲው ላይ አስኬደው። በስተቀኝ በር በታች ማግኔቱ አልያዘም፤ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ ማለት ነው፤ መኪናው ተጋጭቶ ተጠግኗል። በመጨረሻም የቻሲሱንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አስተያየ። ገጠመ።

አንድ የማላውቀውንም ነገር አስተማረኝ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ደባርቅ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጎንደር ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ ወደ ደባርቅ ሲወጣ ከዚያም ይብሳል። «ፓስተር፣ የሚከፍሉበትን ፍጥነት እዚህ አገር አያገኙትም» አለው ለባለቤቴ። ባለቤቴ ሳቀ፤ ልቡ ግን ገና አልተመለሰም ነበር።

የጎደለው ፊርማ

ነገሩን የቆረጠው ግን ሞተሩ አልነበረም። ስለ ውሉ ስንነጋገር ሻጩ «ስም ማዛወር ጣጣ ነው፤ በውክልና ልስጣችሁ» አለ። ባለትዳር መሆኑን ስለማውቅ «ባለቤትህስ? እሷም መጥታ ትፈርማለች?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እኅቴ፣ እሷ አዲስ አበባ ነች። ደግሞ መኪናው በእኔ ስም ነው፤ ምን ያገባታል?»

«እንግዲያው በስልክ አገናኘንና ሰላም እንበላት» አልሁት። ፊቱ ተለዋወጠ። «ገዢው ብዙ ነው። የኤክሳይስ ታክሱ ረቂቅ እየመጣ ነው፤ ሕጉ ሲወጣ ይህን ዋጋ በሕልማችሁም አታገኙትም!» አለን።

ስለ ታክሱ አልዋሸም። አዋጁ በዚያው ዓመት የካቲት ወር ጸደቀ፤ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ስለ ጣለ ዋጋው ሰማይ ነካ። ስለ ሚስቱ ግን ተሳስቷል። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት፣ ንብረት በአንደኛው ተጋቢ ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደ ሆነ ይቆጠራል። የጋራ ንብረት የሁለቱ ስምምነት ሲያስፈልገው ያለ ፈቃድ ከተሸጠ ደግሞ፣ ያልተስማማው ወገን ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት ሊጠይቅ ይችላል፤ ባወቀ በስድስት ወር፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በሁለት ዓመት ውስጥ። ውል የሚያጸድቀው ቢሮ የጋብቻ ወይም የያላገባ ማስረጃ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ውክልናም ቢሆን የሰጠው ሰው ሊሽረው ይችላል፤ ከሞተም ይቋረጣል። ያን ጊዜ መኪናው የሟች ወራሾች ጉዳይ ይሆናል።

ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ቁልፉን ለሰውየው መለሰለት። «ወንድሜ፣ ባለቤትህ የማታውቀውን መኪና እኔ መንዳት አልችልም» አለው። ያን ቀን ባለቤቴን ከወትሮው ይበልጥ አከበርሁት።

በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ያጠናኋቸው ሁለት የግዢ ታሪኮች የዚያን ዕለት ማታ ትዝ አሉኝ። አብርሃም ሣራን የሚቀብርበትን ቦታ በስጦታ እንውሰድ ሲባል አልተቀበለም፤ በከተማው በር፣ በሕዝብ ፊት አራት መቶ ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ። ኤርምያስ ከአጎቱ ልጅ እርሻ ሲገዛ ኢየሩሳሌም በጠላት ተከብባ ነበር። ከዚያ የሚበልጥ ጥድፊያ ከየት ይመጣል? እርሱ ግን ውሉን ጻፈ፣ ምስክሮች አቆመ፣ አተመ፣ በሸክላ ዕቃም አስቀመጠው። ጊዜ አጠረ ብሎ ምስክር አልዘለለም።

ዋጋ ከፍለንበታል

ውድ አንባቢያን፣ ትክክለኛ ነገር ስላደረግን ወዲያው ተባረክን ብዬ አልነግራችሁም። ዋጋው ተሰቀለ፣ ገንዘባችን አነሰ። በመጨረሻ የገዛነው ያረጀ ኮሮላ ዲኤክስ ነው። ቀለሙ የደበዘዘ ነው፤ መስኮቱ በእጅ ይዞራል። የሸጡልን ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ለፊርማ አብረው መጡ። እትዬ ብዕሩን ተቀብለው ሲፈርሙ «ልጆቼን ያመላለሰ ነው፤ በደኅና ያገልግላችሁ» ብለው መረቁን። ስሙም ወዲያው ዞረልን። እናቴን ሁለት ሌሊት ሆስፒታል አድርሶልናል።

ቀዩን መኪና ለጋብቻው ሲያጠራቅም የነበረ ወጣት በውክልና ገዛው። ከወራት በኋላ የሻጩ ሚስት ሰማች፤ ለካ መኪናው ሲገዛ ወርቋን ሸጣ ነበር። ፍርድ ቤት እግድ ሰጠ። መኪናው ቆመ፣ የወጣቱ ሠርግ ተራዘመ። ይህን ስሰማ አልተደሰትሁም፤ አለቀስሁ። አንዲት ሴት ያልተጠየቀችበት ፊርማ ሁለት ቤት አናጋ።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መንግሥት ከልክሏል። ስለዚህ ገበያው በአብዛኛው አገር ውስጥ ባሉት አሮጌ መኪኖች ላይ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ፣ እያረጁም ይወደዳሉ። ጥንቃቄው ከእኛ ጊዜ ይልቅ ዛሬ ያስፈልጋል። ሊብሬውንና ቁጥሮቹን አስተያዩ። የባንክ ዕዳ ወይም እግድ እንዳለበት ጠይቁ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን አረጋግጡ። ማለዳ ሳይሞቅ አስነሡት። ገንዘቡን ውሉ በሚጸድቅበት ዕለት እንጂ ቀድማችሁ አትስጡ። የምትሸጡም ብትሆኑ ስሙን አዛውሩ፤ መኪናው አደጋ ቢያደርስ ሕጉ የሚፈልገው ባለቤቱን ነውና።

ለባልና ሚስት መወያያ

1. በቤታችን አንዳችን ለብቻችን የማንወስነው የገንዘብ መጠን ስንት ነው? ተነጋግረንበታል?

2. የትዳር ጓደኛዬ ለዓመታት የተመኘው፣ እኔ ግን ሰምቼው የማላውቀው ነገር አለ?

3. በእኔ ስም ብቻ ከተመዘገበው ንብረታችን ውስጥ የትዳር ጓደኛዬ ድካም ያለበት የትኛው ነው? ይህንስ አመስግኜ ነግሬው አውቃለሁ?

ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሻይ አፍልታችሁ ተነጋገሩበት። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።