ፓሌትና ስሌት

ግጥም የሚሞክር ሰው ባንክ ቤት ሲቀጠር ቃላትን በሁለት ሚዛን መመዘን ይለምዳል። ቀን ቀን ቃሉ ከሰነዱ ጋር ተስማምቶ እንደሆነ፣ ማታ ማታ ደግሞ ከስንኙ ጋር ገጥሞ እንደሆነ ይመረምራል። የእኔ ጠረጴዛ ያለው በውጭ ንግድ ክፍል ውስጥ ነው። ኤልሲ ተከፍቶላቸው ከባሕር ማዶ የሚመጡ ዕቃዎችን ሰነድ አገላብጣለሁ እንጂ ዕቃዎቹን አላያቸውም። ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የምንመራበት «ዩሲፒ 600» የተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ፣ የባንኮች ጉዳይ ከሰነድ ጋር እንጂ ከዕቃ ጋር አለመሆኑን በ5ኛው አንቀጹ ደንግጓል። ስለዚህ የብረቱን ክብደት ሳልሸከም፣ የቅመሙን ሽታ ሳላሸት እውላለሁ።

በዚህ ሁሉ ወረቀት መካከል ልቤን የያዘው ቃል «ፓሌት» ነው። ስለ ፓሌት ግጥም ልጽፍ መሆኑን ለአንድ ወዳጄ ባጫውተው፣ «በምን ቤት ልትመታው ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ሌት፣ ሙሌት፣ ስሌት… አልሁት። ግጥሙ እስከ ዛሬ አልተጻፈም። ስሌቱ ግን እነሆ።

ፓሌት ዕቃ የሚደረደርበት፣ ከሥሩ የፎርክሊፍት ሹካ የሚገባበት ክፍተት ያለው የጣውላ መደብ ነው። ስሙን የማያውቅ እንኳ አጥር፣ አግዳሚ ወንበር ወይም የዶሮ ቤት ሆኖ ሳያየው አልቀረም። በፓኪንግ ሊስት ላይ ግን ብዙ ጊዜ በሁለት አኃዞች መካከል ተደብቆ ይመጣል። አንዱ ጠቅላላ ክብደት፣ ሌላው የተጣራ ክብደት ይባላል። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ብትቀንሱት የሚቀረው ካርቶኑ፣ ፕላስቲኩና ይህ ጣውላ ነው። አንድ ደህና የእንጨት ፓሌት ከ20 እስከ 25 ኪሎ ግራም ይመዝናልና፣ አሥር ፓሌት የያዘ ኮንቴይነር ማንም ያላዘዘውን ከ200 ኪሎ በላይ እንጨት ይዞ ባሕር ያቋርጣል ማለት ነው። ቀረጡም የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ማሸጊያው፣ ማጓጓዣውና መድኑ ተደምረው ስለሆነ፣ ጣውላው ሳይሸጥ ይቀረጣል።

ከክብደቱ ይልቅ እኔን የገረመኝ የቦታው ነገር ነው። አውሮፓውያን ለባቡሮቻቸው ብለው በ1961 የተስማሙበት ፓሌት 80 በ120 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሚስማሮቹ እንኳ ተቆጥረው 78 ናቸው። ኮንቴይነር ደግሞ ልኩ የተወሰደው ከአሜሪካውያን ጫማ ሲሆን፣ የውስጥ ስፋቱ 2 ሜትር ከ35 ገደማ ነው። 120 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ጎን ሁለት ጊዜ ብታጋጥሙት 2 ሜትር ከ40 ይመጣል። በ5 ሴንቲ ሜትር አይገባም! ባለ 20 ጫማው ኮንቴይነር ወደ 14 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ወለል እያለው የሚይዘው 11 የአውሮፓ ፓሌት ብቻ ነው፤ ይህም 10.56 ካሬ ሜትር ነው። ከወለሉ አንድ አራተኛ የሚሆነው አየር ተጭኖ ይመጣል። 100 በ120 የሆነው ፓሌት ይሻላል፤ አሥሩ 12 ካሬ ሜትር ይሸፍናሉ። ፓሌት የሚመርጥ ነጋዴ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት የጣውላውን ዋጋ ሳይሆን ልኩን ነው ብል ከአንድ ባንክ ጸሐፊ ድፍረት አይቆጠርብኝ።

ደብተርና ወረቀት የሚያስመጡ አንድ ደንበኛ አሉን፤ ክፍሉ በሙሉ «ጋሼ» ይላቸዋል። ይህንኑ ሒሳብ በራሳቸው መንገድ ደርሰውበት ኖሮ፣ «ልጄ፣ ከእንግዲህ ለእንጨት አልከፍልም» አሉኝና አቅራቢያቸው ካርቶኖቹን ያለ ፓሌት፣ ከወለል እስከ ጣሪያ እንዲጠቀጥቅ አዘዙ። የመጣው ሰነድ ያማረ ነበር። ጠቅላላው ክብደት ከተጣራው ጋር ተቀራርቦ፣ የካርቶኑ ቁጥር አድጎ። ኮንቴይነሩ መጋዘናቸው በር ላይ በቆመበት ቅዳሜ ጋብዘውኝ ሄድሁ። ስምንት ሰዎች ከጠዋት እስከ ማታ ካርቶን በትከሻ አወጡ። አንዱ ወገቡን በነጠላ ቁራጭ አጥብቆ አስሮ ነበር።

ያንን አስተሳሰር አውቀዋለሁ። አባቴ እኔን ያሳደጉት በጫኝና አውራጅነት ነው። ክፍያቸው በኩንታል ነበር። መቶ ኪሎ የሚመዝነውን ጆንያ በጀርባቸው ተሸክመው፣ ከመኪና ወደ መጋዘን የተጋደመውን ሳንቃ ሲሻገሩ ሳንቃው ይረግብ እንደነበር ከልጅነቴ ትዝ ይለኛል። ዛሬ ከተቀመጡበት የሚነሡት በሁለት እጃቸው ጉልበታቸውን ተደግፈው ነው። በ1931 የወጣ አንድ የአሜሪካ የባቡር ንግድ መጽሔት፣ 13,000 የታሸገ ምግብ ሣጥን በአንድ በአንድ ከፉርጎ ለማውረድ ሦስት ቀን ሲፈጅ፣ በፓሌት የተጫነው ግን በአራት ሰዓት ማለቁን ጽፎ ነበር። ይህንን ለአባቴ ነገርኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣ «ፓሌት ቢኖር ኖሮ ወገቤ ይተርፍ ነበር» አሉ። ቀጥለውም፣ «አንተ ግን ትምህርት ቤት አትገባም ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ስሌቱ በእጄ ላይ ከብዶ ቀርቷል።

ነጋዴዎች የፓሌትን እውነተኛ ዋጋ የሚያሰሉት በግዢው ሳይሆን በጉዞው ነው። ርካሹ አንድ ጊዜ ተጉዞ ይሰበራል እንበል፤ ሦስት እጥፍ የሚያወጣው ግን አሥር ጊዜ ይመላለሳል። ውድ የተባለው ርካሽ ሆነ ማለት ነው፤ የሚመለስ ከሆነ! አውስትራሊያውያን ይህችን «ከሆነ» ንግድ አድርገዋታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ጦር ጥሏቸው የሄደውን ፓሌትና ማንሻ መሣሪያ መንግሥታቸው ሰብስቦ ማከራየት ጀመረ። በ1958 ብራምብልስ የተባለ ኩባንያ ገዛው። «ቼፕ» የሚባሉት ሰማያዊ ፓሌቶች ዛሬም አይሸጡም፤ ይከራያሉ፣ ተጠግነውም ይመለሳሉ። በእኛም አገር ቢራና ለስላሳ ሲጓዝ ባዶ ጠርሙሱና ሣጥኑ ወደ ፋብሪካው ስለሚመለሱ፣ ፓሌቱም አብሮ የመመለስ ዕድል አለው። እንዲህ ባለው ቅብብሎሽ ውስጥ ውዱ ፕላስቲክ እንኳ ያዋጣል። ውኃ አይጠጣም፣ ሚስማር አያወጣም።

በጅቡቲ በኩል የሚገባው ግን ሌላ ነው። ኮንቴይነሩ ቀኑን የሚቆጥርበት ባለቤት አለውና ባዶውንም ቢሆን ወደ ወደቡ ይወርዳል። ፓሌቱን የሚጠይቀው የለም። ከሩቅ ምሥራቅ መጥቶ እዚሁ አግብቶ ወልዶ ይቀራል።

ሲገባም እንዲሁ አይገባም፤ እንደ መንገደኛ ይለፍ ወረቀት አለው። እንጨት በሆዱ ተባይ ይዞ ይሻገራልና። በ2002 በአሜሪካዋ ሚሺጋን የታወቀው አረንጓዴ ጢንዚዛ ከእስያ የመጣው በዕቃ ማሸጊያ እንጨት እንደሆነ ይታመናል፤ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዛፎችን አድርቋል። በዚያው ዓመት የጸደቀው ዓለም አቀፍ ደንብ፣ እንጨቱ እስከ እምብርቱ ድረስ በ56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ እንዲሞቅ ወይም በጋዝ እንዲታጠን ያዝዛል። ከዚያም የስንዴ ዛላ ምስልና የአገሩ ምልክት ይታተምበታል። «ኤችቲ» የሚለው በሙቀት፣ «ኤምቢ» የሚለው ሜቲል ብሮማይድ በተባለው መርዛማ ጋዝ መታከሙን ያመለክታል። በአባቴ ግቢ ያለውን የዶሮ ቤት ጎንበስ ብዬ ሳነብ «ኤችቲ» አገኘሁበትና ተመስገን አልሁ። ፓሌት ፈልጦ ምጣድ የሚያሰማ ሰው ካለ ግን ማኅተሙን ቢያነብ እመክራለሁ።

ወደ ደንበኛችን ልመለስ። ያለ ፓሌት የመጣው ደብተር በመጋዘኑ ሲሚንቶ ላይ ተደርድሮ ክረምቱ ገባ። ከታች ያለው ረድፍ እርጥበት ስቦ አበጠ፤ የላዩም ተጫነውና ተጣመመ። ጋሼ ከጣውላው ያተረፉትን ብርና ያበጠውን ደብተር ጎን ለጎን ጽፈው አሳዩኝ፤ ደብተሩ በልጦ ነበር። አሁን 100 በ120 በሆነው ፓሌት ያስመጣሉ፤ ባዶዎቹንም አይጥሉም፣ ሌላ ዕቃ ይደረድሩባቸዋል። ኮንቴይነር ሲደርስ ፎርክሊፍት በሰዓት ይከራያሉ።

«ስምንት የነበሩት ሦስት በቁ» አሉኝ ባለፈው ጊዜ፣ ለአዲስ ኤልሲ መጥተው። አምስቱስ የት ሄዱ? ብዬ ጠየቅኋቸው። አንዱ ጥበቃ ሆኖ እዚያው መቅረቱን፣ የሌሎቹን ግን እንደማያውቁ ነገሩኝና መነጽራቸውን አድርገው ቅጹን መሙላት ጀመሩ።