ሞተሩ የአጎቴ፣ ውሃው የአክስቴ

ስለ ጀልባና ስለ መርከብ በተነሣ ቁጥር የብዙዎቻችን አሳብ ተራራውን ሁሉ ተሻግሮ ወደ ቀይ ባሕር ይሄዳል። ይህም አያስገርምም። በ1954 ዓ. ም. ከአሜሪካ የተገኘችው «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ ለባሕር ኃይሉ ማሠልጠኛ፣ ለንጉሠ ነገሥቱም መንሸራሸሪያ ሆና እንዳገለገለች ከታላላቆቻችን ሰምተናል። ከ1985 ዓ. ም. ወዲህ ግን የባሕር በር የሌለን ሆነናልና፣ መርከብ ማለት ለእኔና ለእኩዮቼ በመጽሐፍ የሚነበብ፣ በሥዕል የሚታይ ነገር ሆኖ ቀርቷል።

ዳሩ ግን የባሕር በር ማጣት ውሃ ማጣት አይደለም። የጣና ሰው በደንገል ታንኳው ሲሻገር ኖሯል፤ በባሮም ላይ በእንፋሎት የሚነዱ መርከቦች ክረምት በገባ ቁጥር ከካርቱም እስከ ጋምቤላ ይመጡ ነበር። እኔ ከማስተምርበት ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆ በኩል ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰውም፣ ገና ብዙ ሳይርቅ የቆቃን ሐይቅ ያያል፤ በ1952 ዓ. ም. ግድቡ ተሠርቶ ሲያልቅ አዋሽ ተጠራቅሞ የፈጠረው ሐይቅ ነው። መቂን አልፎ ባቱ፣ ማለት የቀድሞዋ ዝዋይ ከተማ ሲደርስ፣ የደንበል ሐይቅ በስተግራው ይቀበለዋል። ከዚያ ወዲያ ላንጋኖ፣ አብያታ፣ ሻላና ሐዋሳ እንደ መነኩሴ መቁጠሪያ ተከታትለው ይገኛሉ።

አምና አንድ ተማሪዬ በውጭ አገር መጽሔት ላይ የወጣ ሥዕል አሳየኝ። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ቤታቸውን ሸጠው ያክት የሚባለውን ባለ ሞተር የመዝናኛ ጀልባ ገዝተው፣ በፈረንሳይና በሆላንድ የውሃ ቦዮች ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወሩ ይኖራሉ። ባልየው መሪውን ይዟል፤ ሚስትየዋ ወንበር ላይ ጋደም ብላ ቡና ትጠጣለች። «በእኛ አገር እንዲህ የሚኖር ሰው ይገኛል?» ሲል ጠየቀኝ። «ይገኛል፤ አጎቴና ባለቤታቸው አሉ። ብቻ አክስቴ ጋደም ብለው ቡና ሲጠጡ እስከ ዛሬ አላየሁም» አልሁት። ልጁ የቀለድሁ መስሎት ሳቀ። ይህን የምጽፈው እንግዲህ ለእርሱና ለመሰሎቹ ነው።

አጎቴ የአዳማ ልጅ ናቸው። በጋራዥ ያደጉ፣ የሞተር ድምፅ ሰምተው ሕመሙን የሚናገሩ መካኒክ ናቸው። አክስቴ ደግሞ ከደንበል አምስት ደሴቶች ትልቁ በሆነው በቱሉ ጉዶ የተወለዱ የዛይ ሰው ናቸው። የዛይ ሕዝብ የራሱ ቋንቋ ያለው፣ ከጥንት ጀምሮ በእነዚህ ደሴቶች ላይ ዓሣ እያጠመደና እያረሰ የኖረ ሕዝብ ነው፤ በሐይቁ ዳር የሚበቅለውን ቀላል ተክል አሥሮ በሠራው ታንኳ ላይ ልጁን ገና በጠዋቱ መቅዘፍ ያስተምረዋል። አክስቴ መቅዘፊያ የጨበጡት በሰባት ዓመታቸው ነው። አጎቴ እስከ ዛሬ መዋኘት አይችሉም።

ጀልባዪቱ ከዚያች ከሥዕሏ ያክት ጎን ብትቆም ታፍራለች። ርዝመቷ 8 ሜትር፣ ከላሜራ ተበይዳ የተሠራች ናት። ከፊት በኩል ሁለት ሰው ተጠጋግቶ የሚተኛባት የጣውላ ጎጆ አለቻት፤ በውስጧ አንድ ፍራሽ፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ ሁለት ጀሪካንና አንድ ፋኖስ ይገኛሉ። ከኋላዋ የተሰቀለው ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር ሲገዛም አሮጌ ነበር። በሥራ ቀን የደሴቱን ሰው ከነእህሉና ከነበጉ ያመላልሳሉ፤ እሑድ እሑድ ከአዲስ አበባ የመጣ ጎብኚ ይጭናሉ፤ በወር ውስጥም አራት አምስት ሌሊት በዚያችው ጎጆ ያድራሉ።

እኔም ዕረፍት ሳገኝ ከእነርሱ ጋር እሰነብታለሁ። ከሁሉ የምወደው የኅዳር ጽዮንን ጉዞ ነው። እንደሚተረከው፣ በዮዲት ጊዜ የአክሱም ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው የተሸሸጉት በዚሁ በቱሉ ጉዶ ነው። ተሳላሚውን አድርሰን ከጨረስን በኋላ ጀልባዪቱን ከደሴቱ ጥግ አሥረን እናድራለን። አክስቴ ቆሮሶ ይጠብሳሉ፤ አጎቴ ፋኖሱን ይዘው ሞተራቸውን ይጎበኛሉ። ሌሊት ጉማሬ ከሸንበቆው ውስጥ ሲያጉረመርም አጎቴ «ካንዴላው የቆሸሸ ሞተር ነው የሚመስለው» ይላሉ። በየዓመቱ ይህንኑ ይላሉ፤ አክስቴም በየዓመቱ ይስቃሉ።

ደንበል ሲያዩት ገር ነው። ስፋቱ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሁን እንጂ ጥልቀቱ በአማካይ ከሁለት ሜትር ተኩል አይበልጥም፤ ከሁሉ የጠለቀው ቦታም ዘጠኝ ሜትር ያህል ነው። «ታዲያ ይህ ምኑ ያስፈራል?» የሚል እንግዳ ብዙ ነው። የውሃው አለመጥለቅ ግን ማዕበሉን አጭርና ቁጡ ያደርገዋል፤ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይመጣል። ጠዋት እንደ መስተዋት የነበረው ሐይቅ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣበት የነጣ አረፋ ይለብሳል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። አክስቴ ወዲያ ማዶ ያለውን የውሃውን ቀለም አይተው «አሁን ካልተነሣን እዚሁ እናድራለን» ካሉ፣ ተሳፋሪው ቢቆጣም፣ ተጨማሪ ገንዘብ ቢሰጥም ነገሩ አብቅቷል።

ስለ ጥገናው ጥቂት ልናገር፤ ያ ሥዕል ያላሳየው ይህንን ነውና። ጀልባ ያለው ሰው አንድ ሰዓት ከተንሸራሸረ ሦስት ሰዓት ይጠግናል። ሞተሩ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ የሚቃጠልበት ዓይነት ስለሆነ፣ ለ50 ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር ዘይት ተለክቶ ይጨመራል፤ ቢያንስ ሞተሩ ይነክሳል፣ ቢበዛ ካንዴላው ይጠቁራል። አጎቴ ይህን ልኬት ለማንም አያምኑም፤ ኮሌጅ ለጨረሰ ለእኔም ቢሆን። ሐይቁ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ያለ በመሆኑና አየሩ ስለሚሳሳ፣ ሞተሩ ከጉልበቱ ከመቶ 15 ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ፋብሪካው 40 ፈረስ ብሎ የጻፈበትን አጎቴ «ሠላሳ አራቱ ብቻ ናቸው የመጡት፤ ስድስቱ መንገድ ላይ ቀርተዋል» ይሉታል።

ሞተሩ ሲሠራ ከጎኑ እንደ ክር ቀጥ ብላ የምትወርድ ውሃ አለች። ከታች ያለው ፓምፕ የሐይቁን ውሃ ስቦ ሞተሩን ካቀዘቀዘ በኋላ የሚያስወጣት ናት። ክሯ ከቀጠነች ሞተሩ ታሟል፤ ከተቋረጠች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይቃጠላል። አጎቴ ከሰው ጋር ሲጫወቱ እንኳ ዓይናቸው ከዚያች ክር አይለይም። በክረምት ደግሞ ጎረቤት ተሰብስቦ ጀልባዪቱን በበርሜል ላይ እያንከባለለ ወደ ደረቅ ያወጣታል። ያን ጊዜ ባልና ሚስቱ በጀርባቸው ተኝተው ሆዷን በብረት ብሩሽ ይፍቃሉ፤ የሳሳው ላሜራ ይበየዳል፤ ዝገት መከላከያ ይቀባል፤ ሲደርቅ ሁለተኛ ይደገማል። እኔም አብሬ ፍቄያለሁ። ሰኞ ክፍል ስገባ ከጥፍሬ ሥር ያልለቀቀውን ቀለም ተማሪዎቼ ሲያዩ አልደበቅሁትም። ወረቀት በማገላበጥ የሚውል ሰው ብሎን ቢፈታ ማዕረጉ የሚቀንስ የሚመስላቸው ጓደኞች አሉኝና ይህን ለእነርሱ ብዬ ነው።

አንድ ቀን አጎቴን «በዚህች ጀልባ ላይ አዛዡ ማነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሞተሩ የኔ፣ ውሃው የእሷ» አሉኝ። በእርግጥም መሪው በአጎቴ እጅ ነው፤ ነገር ግን ከፊት የተቀመጡት አክስቴ በእጃቸው ካላመለከቱ ወደ ቀኝም ወደ ግራም አይዞሩም። በቤታቸው እንዲህ አይደሉም። በቤታቸው ስለ ጨውም ስለ በርበሬም ይከራከራሉ።

ይህ ስምምነት ሲፈተን ያየሁት ባለፈው ጥር ነው። ከቱሉ ጉዶ ስንመለስ አሥራ አንድ ሰዎች ነበርን፤ ከመካከላችን አንዲት ሴት አራስ ልጅ ታቅፋለች። መንገዱን ካጋመስን በኋላ ነፋሱ ተነሣ። ወዲያው ያቺ የውሃ ክር ተቋረጠችና አጎቴ ሞተሩን አጠፉት። እምቦጭ የውሃ መሳቢያውን አፍ ደፍኖት ነበር። ይህ አረም በአገራችን መጀመሪያ የታየው እ. ኤ. አ. በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ነው፤ አሁን ደንበልም ላይ ደርሷል።

ሞተሩ ሲጠፋ ጀልባዪቱ ወገቧን ለማዕበሉ ሰጠች። አንድ ጎልማሳ መልሕቁን አንሥቶ በአጎቴ በኩል ከኋላ ሊጥል ሲል አክስቴ ጮኹበት፤ «ከፊት! ከኋላ ከታሠረች ውሃው በሞተሩ በኩል ይገባል!» መልሕቁን ቀምተው ከፊት ጣሉት። ገመዱ አጭር ስለነበር መልሕቁ ጭቃውን እያረሰ ይሳባል። የጥላውን ሸራ ያሠረውን ገመድ ፈትተው ቀጠሉበትና ለቀቁት፤ ያን ጊዜ ጀልባዪቱ ፊቷን ወደ ነፋሱ አዞረች። እኔ ውሃ እጨልፋለሁ። አጎቴ ሞተሩን ከውሃ ሊያነሡ ቢታገሉ ወገባቸው አልታዘዝ አለ፤ እኔ አነሣሁላቸው። አረሙን ነቅለው፣ ቀዳዳውን በሽቦ ጠርገው፣ ማስነሻውን ገመድ ሦስት ጊዜ ጎተቱ። አልሆነም። አራተኛውን እኔ ጎተትሁ፤ ተነሣ። የውሃዋ ክር ቀጥና ተመለሰችና፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት ባቱ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ፓምፑ ሲፈታ በውስጡ ካለው የላስቲክ መዘውር ሁለት ክንፍ ተቆርጦ ተገኘ።

አጎቴ ያን ዕለት እራት አልበሉም። በማግሥቱም «ወገቤ እንዲህ ከሆነ ነገ የሰው ነፍስ አጠፋለሁ» አሉ። አክስቴ መልስ አልሰጡም። በወሩ ደውለው ገዥ እንደ ተገኘና የሽያጩን ውል እንድጽፍ ጠሩኝ፤ የተማረ ዘመድ ጥቅሙ ለዚህ ነው። ገዥው ቁም ነገረኛ ሰው ነው፤ ዋጋውም መልካም ነበር።

ውሉን «ሻጮች» ብዬ በሁለቱም ስም ጻፍሁና ጎጆዋ ውስጥ ተቀምጠን አነበብሁላቸው። «ርዝመቷ 8 ሜትር የሆነች ከላሜራ የተሠራች አንዲት ጀልባ፣ ከነሞተርዋ፣ ከነመልሕቋ…» ስል አክስቴ አቋረጡኝ።

«ከፈንዱሮ ወዲህ በበጋ የሚወጣው ድንጋይስ አለ?»

«የት?»

«በወረቀቱ ላይ ነዋ። ማን ያሳየዋል ሰውየውን? ከአምስት ዓመት በፊት ጀልባ የምናሥርበት ቦታ አሁን በጋ ሲሆን ከብት ይግጥበታል፤ ውሃው ለመስኖውም ለአበባውም እየተሳበ ሲሸሽ መግቢያው በየዓመቱ ይለወጣል። ይኼስ ተጽፏል?»

አጎቴ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «በብርድ ጠዋት ሁለቴ ጎትቶ፣ ትንሽ ታግሦ፣ ሦስተኛውን መጎተት እንዳለበትስ?» አሉ።

«አንቱም ጀመሩ?» አሉ አክስቴ።

እኔ አክስቴ እውነት አላቸው ባይ ነኝ፤ የአጎቴ ፍርሃትም ተገቢ ነው። አሥራ አንድ ሰው ጭኖ ገመድ መጎተት የሚያቅት ወገብ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ እንዲህ ስል አሳብ አቀረብሁ፤ ጉልበት ያለው የደሴቱ ወጣት ሦስተኛ ሰው ሆኖ ይቀጠር፤ ከአጎቴ ሞተሩን፣ ከአክስቴ ውሃውን ይማር። አጎቴ «ደመወዙስ?» አሉ። ቤንዚን እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ጥያቄው ባዶ አይደለም። አክስቴ የወንድማቸውን ልጅ ስም ጠሩ፤ አጎቴ «እሱማ መስማት አይወድም» አሉ፤ እንዲህ እያሉ ሰዓቱ ሄደ። ፊርማ አልፈረመም፤ ውሉም አልተቀደደም። ገዥው እስከ ፋሲካ ጊዜ ሰጥቷቸዋል።

ወደ አዳማ ልመለስ ስነሣ አጎቴ አዲስ የላስቲክ መዘውር ከአዲስ አበባ እንዳፈላልግ ጠየቁኝ። «ለሚገዛውም ቢሆን የተሰበረ አይሸጥለትም» አሉ። የዕቃው ቁጥር እንዳይሳሳት ወረቀት ፈለግን፤ በቦርሳዬ ውስጥ የተገኘው ያው ውል ነበርና በጀርባው ላይ ጻፉበት። አክስቴ ከሥሩ አንድ ጋሎን ዝገት መከላከያና ሃያ ሜትር የመልሕቅ ገመድ አስጨመሩ። መኪናው ሊነሣ ሲል በመስኮቱ በኩል ተጠግተው፣

«ገመዱ ሠላሳ ይሁን» አሉኝ።