ሽመላን ፎቶ ማንሳት

መጋቢት ላይ ከቂርያት ማላኪ ተነስተን ከልጅ ልጄ ጋር ፎቶ ለማንሳት ወጣን። ፔሌፎኑን የያዘው እሱ ነው፤ እኔ ጠቋሚ ነኝ። መጀመሪያ ያቭኔ ኮረብታው ላይ ያለውን አሮጌ ማማ አነሳን፤ በ1337 የተሠራ የመስጊድ ማማ ነው፣ መስጊዱ ፈርሶ እሱ ቀርቷል።

ወደ ጌዴራ ስንመለስ በእርሻው መሐል ባለው ኮረኮንች መንገድ ገባን። ማሳው ላይ ወፎች ወርደዋል፤ ላባቸው ነጭ፣ የክንፋቸው ጫፍ ጥቁር፣ እግራቸው ቀይ።

«ሐሲዳ!» አለ ልጁ።

«እኛ ሽመላ ነው የምንለው» አልኩት። ጎንደር ልጆች ሳለን ሽመላ ሲያልፍ ካየን፣ ኢየሩሳሌም ደኅና መሆኗን እየዘመርን እንጠይቀው ነበር።

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሲሄዱና ሲመለሱ፣ 500,000 ያህል ሽመላ በእስራኤል ሰማይ ያልፋል። መጋቢት ላይ የሚመጡት ታዲያ ከአፍሪካ ነው።

«አሁንስ ምን ትጠይቃቸዋለህ፣ አባባ?» አለኝ።

እናቴ የተቀበረችው እዚያው መንደራችን ነው። «የአገር ቤቱን» አልኩና ዝም አልኩ።

እናንተም ከወጣችሁ ከመኪና አትውረዱ፤ እኛ በሩን ስንከፍት ብድግ ብለው በረሩ። ፎቶው ላይ የወጣው ክንፍና አቧራ ብቻ ነው። ልጁ ሊያጠፋው ሲል «ተወው» አልኩት።