ቁራ ናት ወይስ ቆቅ?

እስቲ ልጠይቃችሁ! የሳምንቱ መጨረሻ ጋዜጣ እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ የምትገልጡት የቱን ገጽ ነው? ፖለቲካውን? ስፖርቱን? የኔ መልስ አጭር ነው፤ መስቀለኛ ቃላቱን! አንድ እስክሪብቶ፣ አንድ ስኒ ቡና፣ በቃ!

ታዲያላችሁ ለዓመታት ስሞላ ከርሜ ጥያቄዎቹ ላይ መፍረድም ጀምሬያለሁ። ለምሳሌ አግድሙ «ወፍ፣ ሁለት ፊደል» ይላል እንበል። ቁራ? ቆቅ? ዋኔ? ሁሉም ልክ ናቸው። ጥያቄው ብቻውን ሲታይ የአዘጋጁ ስንፍና ነው። ግን ከመጀመሪያው ሳጥን ቁልቁል የሚወርደው «ተቆልቶ የሚዘገን የቡና ቁርስ» ካለ ቆሎ ነዋ! ቆሎው ቁራውንም ዋኔውንም አባሮ ቆቋን ብቻ ያስቀርላችኋል። ጨዋታ ማለት ይሄ ነው!

አርተር ዊን የተባለው ሰው በ1913 (እ.ኤ.አ.) «ኒውዮርክ ወርልድ» ላይ የመጀመሪያውን ክሮስወርድ ሲያወጣ የነበሩት 26 ፊደላት ናቸው። እኛ ጋ 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ፣ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር፣ 231 ይሆናሉ። «ቀ» መሆኑን ማወቅ አይበቃም፤ «ቁ» ነው «ቆ»? ደግሞ አግድም «ሥራ»፣ ቁልቁል «ስልክ» አንድ ሳጥን ሲጋሩስ? በንጉሡ «ሥ» ልጻፍ በእሳቱ «ስ»? ድምፁ አንድ ነውና ይለፍ ከተባለ አልጣላም፤ ግን ደንቡ ከላይ ይጻፍልና!

የማልወደው ግን «የቡርኪናፋሶ ዋና ከተማ» ዓይነቱን ነው። ዋጋዱጉን ካወቃችሁ ወዲያው ትጽፋላችሁ፤ ካላወቃችሁ ሲያስቡ ቢውሉ አይመጣም። ፈተና እንጂ ጨዋታ አይደለም።

ይህን የምለው ወድጄ አይደለም። እኔ 12ኛ ክፍል ጨርሼ ወደ ሥራ ገባሁ፤ እጮኛዬ ባለዲግሪ ነው። አብረን ስንሞላ እንዲህ ያለው ጥያቄ በመጣ ቁጥር እስክሪብቶውን ከእጄ ይቀበልና «እንዴት ይሄን አታውቂም?» ይለኝ ነበር። እሱ ቀልዱን ነው። ግን ቀልድም ሲደጋገም ያማል። ሰው እንዴት ከሚያገባው ሰው ፊት በየእሁዱ ይፈተናል?

አንድ እሁድ ፊት ለፊት ነገርኩት። «መልሱን አትስጠኝ፤ ፍንጭ ስጠኝ።»

ሳቀ። ትንሽ አሰበና፣ «የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ገበያ ስትሄጂ የምትጠይቂው ነው» አለኝ።

ዋጋ! የቀሩትን ሁለቱን ከቁልቁሉ ለቀምኳቸው። እናንተዬ፣ ደስታዬ! እንዲያውም ከዚያ ወዲህ ተረትና ምሳሌ ነክ ጥያቄ ሲመጣ ፍንጭ ሰጪዋ እኔ ሆኛለሁ።

ስለዚህ ፍርዴ እንዲህ ነው። መልሱ ሲገኝ «ለካ!» የሚያሰኝ ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው። «ታዲያ በምን ልወቀው?» የሚያሰኝ ግን ለአዘጋጁ ይመለስለት። ፍቅረኛሞችም ብትሆኑ እንዲሁ ናችሁ፤ ብልጫችሁን ከማሳየት ፍንጭ መሰጣጠት ይሻላችኋል። እስክሪብቶ መንጠቅ ግን ክልክል ነው!

ቸር ሰንብቱ።