ቅዳሜ ጠዋት፣ ጅረቱ ዳር

ውድ ወላጆች፣

በዚህ ወር ስለ ፊደል ገበታም ሆነ ስለ ንባብ ልምምድ አልጽፍላችሁም። የምጽፈው ስለ አረም ነው።

መካከለኛ ደረጃ የደረሰ ልጅ ያላችሁ 75 ሰዓቱን ታውቁታላችሁ። በሞንትጎመሪ ካውንቲ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ ከሁለተኛ ደረጃ ለመመረቅ 75 ሰዓት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት መስጠት አለበት፤ ኤስ ኤስ ኤል የሚሉት እሱ ነው። ብዙዎቻችን ልጁን በመኪና አድርሰን፣ ስልካችንን እያየን ጠብቀን፣ ይዘነው እንመለሳለን። እኔ የምለምናችሁ ከእነዚያ ሰዓቶች ጥቂቱን ከመኪናው ወርዳችሁ አብራችሁ እንድትሠሩ ነው። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

አስፐን ሂልን የምናውቀው በኮኔቲከት እና በጆርጂያ አቬኑ ነው፤ መኪና፣ የትራፊክ መብራት፣ የገበያ ማዕከል። ከእነዚህ መንገዶች ሥር ግን ተርኪ ብራንች የሚባል ትንሽ ጅረት ያልፋል። ወደ ሮክ ክሪክ ይገባል፣ ሮክ ክሪክ ወደ ፖቶማክ፣ ፖቶማክ ደግሞ ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ። ጅረቱ ዳር ያለው ጫካ ማቲው ሄንሰን ፓርክ ነው፤ በውስጡ ወደ 4 ማይል ተኩል የሚሆን የእግርና የብስክሌት መንገድ በፈረንጆቹ 2009 ተከፍቷል። ብዙዎቻችሁ ሕፃን በጋሪ እየገፋችሁ ሄዳችሁበታል። የማይታወቀው ነገር ምን መሰላችሁ? ያ መሬት የተያዘው ለፓርክ አልነበረም። ለፈጣን መንገድ ነበር። የሰፈሩ ሰዎች ስብሰባ እየሄዱ፣ ደብዳቤ እየጻፉ፣ ለዓመታት ባይሟገቱ ኖሮ ዛሬ ልጆቻችን ድንጋይ የሚወረውሩበት ውሃ ላይ አስፋልት ይኖር ነበር።

ፓርኩ ስሙን ያገኘበት ማቲው ሄንሰን በ1866 እዚሁ ሜሪላንድ፣ ቻርልስ ካውንቲ ውስጥ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ አሳሽ ነው። በ1909 ከፒሪ ጋር ወደ ሰሜን ዋልታ በተደረገው ጉዞ ላይ ነበረ። ለኛ ትምህርት ቤት የሚመቸው ታሪኩ ግን ሌላ ነው፦ የኢኑዊቶችን ቋንቋ አቀላጥፎ ይናገር ነበር፤ ጉዞው የሆነለትም አንድም በዚህ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ስለ በረዶው ብቻ ነው የጠየቁኝ። ግድ የለም።

ወደ አረሙ ልመለስ። የሞንትጎመሪ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ከ1999 ጀምሮ «ዊድ ዋሪየርስ» የሚል የበጎ ፈቃድ ፕሮግራም አለው፤ እኛ ክፍል ውስጥ «የአረም ዘማቾች» ብለን ተርጉመነዋል። የሠለጠኑት በራሳቸው ጊዜ ይሠራሉ። ያልሠለጠነ ሰው ደግሞ መሪ ባለበት የሥራ ቀን ከነልጁ መምጣት ይችላል። አይቪ የሚባለው ሐረግ ከአውሮፓ ለጌጥ መጥቶ ዛፍ ላይ ይወጣል፣ ብርሃን ይከለክላል፣ ክብደቱ ተጨምሮበት ዛፉ በንፋስ ጊዜ ይወድቃል። ሐረጉን ግንዱ ዙሪያ ከሥርና ከወገብ ላይ መቁረጥ ነው እንጂ ከላይ ወደታች መጎተት የለም፤ ልጡን ይጎዳል። ከላይ የቀረው እዚያው ይደርቃል። ጋርሊክ መስታርድ የሚሉት ደግሞ ቅጠሉን ስታሹት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። እሱ ከነሥሩ ነው የሚነቀለው።

ባለፈው የጸደይ ወቅት ተማሪዎቼን ይዤ ሄጄ ነበር። አንድ አባት ልጃቸውን አድርሰው መኪና ውስጥ ሊተኙ ነበር፤ ሌሊት ሠርተው ነው የመጡት። ልጆቹ ግንዱን እየቀነጠቡ ሲጥሉ በመስኮት አዩና አላስቻላቸውም። ወረዱ። «ሥሩ ከቀረ ምን ነቀላችሁት?» አሉ። ከመሬት ጋር ይዞ፣ ወዝወዝ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ መሳብ እንዴት እንደሆነ አሳዩአቸው። ከዚያ ስለ ጤፍ አረም አወሩ። ጤፍ ሲታረም ሰው ጎንበስ እንዳለ እንደሚውል፣ ልጅ ሳለ ጤፉንና አረሙን መለየት እንዴት እንዳስቸገራቸው፣ ደቦ ሲጠራ ማን ምን ይዞ እንደሚመጣ። ልጃቸው «አባዬ፣ ደቦ ምንድነው?» ብላ ጠየቀች። ይቺ ልጅ ሁለት ዓመት ክፍሌ ተቀምጣለች፤ ሳትገደድ በአማርኛ ስትጠይቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው። እኒህ አባት የልጃቸው የሒሳብ የቤት ሥራ ሲመጣ ዝም የሚሉ ሰው ናቸው፤ ራሳቸው ነግረውኛል። ጅረቱ ዳር ግን አስተማሪው እሳቸው ነበሩ። እኔ ቁጭ ብዬ ሰማሁ።

በነገራችን ላይ፣ ገበሬ ማሳውን ያርማል፤ መምህርም የተማሪን ደብተር ያርማል። አንድ ቃል ነው። ለልጆቹ ይህን ስነግራቸው አንዱ ደብተሩን ከፍቶ ቀዩን እስክሪብቶዬን እያሳየ «ይሄ ሁሉ አረም ነው?» አለኝ።

ሳቅ ያልነበረበት ጥያቄም ተጠይቋል። የሥራው መሪ «ከሌላ አገር የመጡ ወራሪ ተክሎች» ሲል አንድ የአስራ አንድ ዓመት ልጅ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በእንግሊዝኛ «እኛም ከሌላ አገር ነው የመጣነው፤ እኛንም ይነቅሉናል?» አለኝ። በዚህ ዘመን ልጅ እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ አይገርምም፤ ቤት ውስጥ የምናወራውን ይሰማል። የመለስኩለትን ልንገራችሁ፣ ምናልባት የእናንተም ልጅ ይጠይቅ ይሆናል። ከውጭ የመጣ ተክል ሁሉ ወራሪ አይባልም። ስሙ የሚወጣለት ከየት እንደመጣ ታይቶ ሳይሆን ጎረቤቱን አንቆ መግደል አለመግደሉ ታይቶ ነው። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ባሕር ተሻግሮ መጣ፤ ስሙም ይናገራል። አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ ነበርና ደረሰላት፤ ቤት ተሠራበት፣ ምጣድ ተሟሟቀበት። ውሃ ይጨርሳል የሚሉም አሉ፣ ክርክሩ አላለቀም። እምቦጭ ደግሞ ከደቡብ አሜሪካ ነው፤ አበባው ሲያዩት ያምራል፤ ጣና ላይ በፈረንጆቹ 2011 ከታየ ወዲህ ግን ለዓሣ አስጋሪውም ለጀልባውም መንገድ ዘግቷል። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት በዘመቻ ሲነቀል የአካባቢው ገበሬ ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ነበር የሚጎትተው። ብዙዎቻችን ያኔ ከዚህ ሆነን ገንዘብ አዋጥተናል። ልጁን «ሰው ተክል አይደለም» አልኩት፤ ቀጥዬም «አንተ ዛሬ ስንት ዛፍ አዳንክ?» አልኩት። ሦስት አለኝ። ቆጥሯቸዋል።

ጣና ሲታመም ያዋጣን ሰዎች በራችን ላይ ስላለው ጅረት ግን ብዙም አንጠየቅም፣ እኛም አንጠይቅም። ተርኪ ብራንችን የሚጎዳው አረም ብቻ አይደለም። ዝናብ ሲጥል ከመኪና ማቆሚያውና ከጣሪያው የሚወርደው ጎርፍ ነው ዳርቻውን የሚበላው። ቦረቦር የሚባለውን ከአገር ቤት የምታውቁ ሄዳችሁ እዩት፤ ያው ነው። የት ይገነባል፣ የት ዛፍ ይቀራል፣ የት ፎቅ ይወጣል የሚለው ደግሞ በማስተር ፕላን ይወሰናል። የአስፐን ሂል ማስተር ፕላን የወጣው በ1994 ነው። በኮኔቲከት እና በአስፐን ሂል ሮድ ማዕዘን አካባቢ ያለውን የሚመለከተው አነስተኛ ማሻሻያ የመጣው በ2015 ነው። ሃያ አንድ ዓመት! ዕድሉ ካመለጠ የሚቀጥለው ሲመጣ ያሁኑ ተማሪዬ የልጆች እናት ትሆናለች።

እኔ በሄድኩባቸው ስብሰባዎች የሚናገሩት በአብዛኛው ቤት ያላቸው፣ ጸጉራቸው የሸበተ ጎረቤቶቻችን ናቸው። እነሱን አልወቅስም፤ መጥተዋል። አፓርትማ ተከራይቶ የሚኖር፣ አውቶቡስ የሚጠብቅ፣ ልጁን በእግር ትምህርት ቤት የሚልክ የኛ ሰው ግን አይታይም። የፕላን ቦርዱ መሥሪያ ቤት ዊተን ነው፣ ከሜትሮው አጠገብ። ለመናገር ቀድሞ መመዝገብ ነው፤ ዜግነት አይጠየቅም፤ የቤት ባለቤት መሆንም አያስፈልግም። ሥራ የማያስመጣችሁ በጽሑፍ ላኩ። አስተርጓሚ ካስፈለገ ቀደም ብሎ መጠየቅ ነው። ልጃችሁ አብሯችሁ ይጻፍ፦ እናንተ በአማርኛ ትናገራላችሁ፣ እሱ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሳል። እኔ ከምሰጠው የቤት ሥራ ይሻላል።

ለመሄድ ለምታስቡ፦ ሰዓቱ እንዲቆጠር ከመሄዳችሁ በፊት የልጁን ትምህርት ቤት የኤስ ኤስ ኤል አስተባባሪ ጠይቁ። ረጅም ሱሪ፣ ረጅም ካልሲ፣ የተዘጋ ጫማ፣ ጓንት፣ ውሃ። ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው ሐረግ ካያችሁ አትንኩ፤ ፖይዝን አይቪ ሊሆን ይችላል፣ ቆዳ ያሳክካል። ቤት ስትመለሱ መዥገር ፈትሹ፤ ከጉልበት ጀርባ፣ ብብት፣ ጸጉር ውስጥ። ቡና የምታመጣ እናት ካለች ፔርሙስ እኛ አለን።